ልጄ ለልብ ኦፕሬሽን ተራ ላይ እያለች ኮሮና መጣ፤ አሁን ከየት ልጀምር?

ምድብ፦ ጤናና ቤተሰብ / ሰሜን ሸዋ

መምህር ዘጅሩ፣ ሐምሌ 12, 2013

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

እነዋሪ ነው የማስተምረው። ሴት ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ጉንፋን አይለቃትም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሳንባ ምች እየተባለ መርፌ ትወጋ ነበር። ጡት ስትጠባ ግንባሯ በላብ ይርሳል። እናቷ "ሞቋት ነው" ትላለች። በጅሩ የሐምሌ ጭጋግ ምን ሙቀት አለ? ያኔ ነበር መንቃት።

2011 ላይ ጤና ጣቢያ አንድ ወጣት የጤና መኮንን ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዞ ደረቷ ላይ አኖረውና "ይሰማዎታል?" አለኝ። ተሰማኝ። ከመዳፌ ሥር ድመት ስታንኮራፋ ዓይነት ንዝረት ነበር። ስንት ጊዜ አቅፌያታለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

በደነባ አድርገን ደብረ ብርሃን ሄድን። ኤኮ የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ ተሠራላት። መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቷል ተባለ። ከዚያ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ። ካርድ አወጣን፣ ስሟ ተራ ውስጥ ገባ፣ ለመጋቢት 23, 2012 ተቀጠርን። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኛንም "አትምጡ፣ እንደውላለን" አሉን።

ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ማንም አልደወለም። ሚስቴ "ሳንጠራ ብንሄድ ይቆጡናል" ትላለች። እኔ ደግሞ እዚያ ሄደን በሽታውን ይዘን እንዳንመለስ ፈራሁ። ልጅቷ ግን ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምንጃሬው፣ ሐምሌ 12, 2013

መምህር፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ የማውቀው ሸንኮራ ዮሐንስን ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ተጠምቆ ነው የዳነ። ሐኪም ብዙ ያስፈራራል። ክረምቱ ሲወጣ ይዘሃት ና፤ ማደሪያ በእኔ ነው፣ የምንጃር ጤፍ እንጀራም አይጠፋም።

ሲስተር ነኝ፣ ሐምሌ 13, 2013

መምህር፣ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፣ ሕፃናት ክፍል። ክረምቱ እስኪወጣ አይጠብቁ። ምንጃሬውም አይቀየመኝ፤ ጸበሉ ይቀጥል፣ መድኃኒቱና ሐኪሙም አብሮ ይቀጥል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የተነገራችሁ ነገር እንዲህ ነው። ሕፃን በማህፀን እያለ በሳንባው አይተነፍስም። ስለዚህ ደሙ ሳንባን ዘሎ የሚያልፍባት አጭር ቧንቧ አለች። ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ትዘጋለች። የእርስዎ ልጅ ቧንቧ ግን አልተዘጋችም። ይህ ችግር በደጋ አገር፣ አየሩ ሳሳ ባለበት፣ ከቆላው ይበልጥ ይታያል። እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ነን። ዎርዳችን ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ካልተዘጋች ሳንባ ከሚችለው በላይ ደም ይጎርፍበታል። የሳንባ ምቹ መደጋገም፣ ላቡ፣ ክብደት አለመጨመሩ ሁሉ ከዚያ ነው። ትልቁ ጉዳይ ግን ጊዜው ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ያንን ጎርፍ ለዓመታት ሲችሉ ይወፍራሉ፣ ይደነድናሉ። አንድ ቀን ግፊቱ ይገለበጥና ያልጠራው ደም ወደ ሰውነት መሄድ ይጀምራል። ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ቧንቧዋን መዝጋት ራሱ ይገድላል።

ሆስፒታሉ ቀጠሮ አቆመ ማለት በሽታው ቆመ ማለት አይደለም። የ2011 ኤኮ የዛሬውን ልብ አይነግረንም። ድጋሚ ይታይ። ዛሬ ማታ ከንፈሯንና የእጅና የእግር ጥፍሯን በቀን ብርሃን ሳይሆን በነጭ አምፖል ሥር ይዩልኝ።

ሲስተር ነኝ፣ ሐምሌ 13, 2013

ይቅርታ፣ ተገላበጠብኝ። በቀን ብርሃን ነው የሚታየው። አዳር ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው።

ሮቢት በረሃ፣ ሐምሌ 13, 2013

ኮሮና ሰበብ ነው ባይ ነኝ። ድሮስ ተራው መቼ ይደርስ ነበር? እኔ የማውቀው ሰው ከኮሮና በፊት አራት ዓመት ጠብቋል። ቢራ ቤቱ ተከፍቶ፣ ሠርጉ ተደግሶ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ እየሄደ የሕፃን ኦፕሬሽን ብቻ በኮሮና ይዘጋል? የ[ተሰርዟል] ሆስፒታል ሰዎች እኛን የገጠር ሰው ሲያዩ

አወያይ፣ ሐምሌ 13, 2013

ሮቢት በረሃ፣ የሆስፒታሉን ስም አጥፍቻለሁ፤ ከዚያ በታች ያለውንም ቆርጬዋለሁ። ቅሬታ ይጻፍ፣ የሰውም የተቋምም ስም ግን እዚህ አይጠራ። ሕጉን ታውቀዋለህ።

ማሽን ጠባቂ፣ ሐምሌ 14, 2013

አዲስ አበባ የልብ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የት እንደሆነ ይቅር። ትውልዴ ሰላ ድንጋይ ነው። ሮቢት በረሃ ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ነህ። ተራው ከኮሮና በፊትም ረጅም ነበር፤ ሺዎች ናቸው። ሌላውን ግማሽ ግን ልንገርህ፤ ብዙ ሰው "በሩን ዘጉ" ብሎ ብቻ ስለሚያስብ ነው።

ልብ ተከፍቶ ሲሠራ ልቡ ይቆማል። ደሙ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይዞራል፣ ኦክስጅን ያገኛል፣ ይመለሳል። ማሽኑ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ደሙ የሚያልፍበት ኦክሲጅኔተር የሚባለው ዕቃ ግን ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጣላል። በልጁ ክብደት ነው የሚመረጠው። የአዋቂው ለሕፃን አይሆንም። ከውጭ ነው የሚመጣው። በ2012 መጨረሻ አካባቢ መደርደሪያውን እየከፈትኩ የምቆጥርበት ጊዜ ነበር። ትልልቁ አለ፣ ትንንሹ የለም። ስድስት ኪሎ የምትመዝን ልጅ ከፊቴ አለች፣ የእሷ ልክ ዕቃ ካርጎ ውስጥ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ የሚነግርህ የለም።

ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ደግሞ ልጁ ወደ ዎርድ አይሄድም። አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል፣ ቬንትሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ላይ ይቆያል። አንዱ በማግስቱ ይነቃል፣ አንዱ ሳምንት ይቆያል። ያ ቬንትሌተር፣ እሱን የምትችል ነርስ፣ ኦክስጅኑ፣ ሁሉም ለኮቪድ ተፈለጉ። ኤካ ኮተቤ የኮቪድ ሆስፒታል ሆነ፣ ቀጥሎ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘረጋበት። አልጋ ማንም አናጢ ይሠራዋል። ቬንትሌተር የምታውቅ ነርስ ግን ዓመታት ይፈጅባታል። ከእኛ ጋር የነበሩ ነርሶች ወደዚያ ሄዱ። ልክ ነበር መሄዳቸው። የእኛ አልጋ ግን ባዶውን ቀረ።

ደም ሌላው ነው። ደም ከሚሰጡት ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ሲዘጋ ደሙም አብሮ ተዘጋ።

አራተኛው ከውጭ የሚመጡት ቡድኖች ናቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት የልብ መርጃውን በ1981 ሲያቋቁሙ ልጆቹ ወደ ውጭ ተልከው ነበር የሚታከሙት። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙው ሥራ በጎብኚ ቡድኖች ነበር የሚሠራው። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ይሠራሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጎብኚው ቡድን ዕቃውን በሻንጣ ይዞ ሲመጣ ተራው በአንዴ ይቀንሳል። መጋቢት 14, 2012 ጀምሮ ከውጭ የገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። ከሥራው ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ የሚመጣ ቀዶ ሐኪም አስቡት። ፈቃዱ ሆቴል ውስጥ ያልቃል። ማን ይመጣል?

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር እንኳ አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕሬሽን ከኤፕሪል 15, 2020 ጀምሮ ቢያንስ ለሦስት ወር እንዲቆም ታዝዟል። በዓለም ላይ በከፋዎቹ 12 ሳምንታት ብቻ 28.4 ሚሊዮን ኦፕሬሽን እንደሚሰረዝ ወይም እንደሚራዘም ተመራማሪዎች ገምተው ነበር። ልዩነቱ እዚያ የተራዘመው ልጅ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ የሰፈሩ ሐኪም ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ያለው መዝገብና የስልክ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን አምናለሁ። ሥራው በጥቂቱ ሲጀመር ማን ቀደመ? በልኩ ቢሆን የባሰበት ነበር መቅደም ያለበት። የቀደመው ግን በር ላይ የቆመው ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ወላጅ በየሳምንቱ መጥቶ ያለቅሳል፤ ያየነውን አንረሳም። የመንዝና የጅሩ ልጅ ግን ስልክ ካላነሣ የለም።

መምህር፣ ካርዱ ላይ ያስመዘገብከው ስልክ የማን ነው?

መምህር ዘጅሩ፣ ሐምሌ 14, 2013

ይህን ጥያቄ ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

የሚስቴ ወንድም ነው። ያኔ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር፤ እዚህ ኔትወርኩ ስለሚጠፋ የእሱን አስመዘገብን። በ2012 ግንቦት ሥራው ቆመ፣ ስልኩን ሸጦ ወደ አገሩ ገባ። ሲሙን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። "እንጃ፣ ውስጡ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ።

የጫጫዋ እናት፣ ሐምሌ 15, 2013

መምህር አይዞህ ወንድሜ። እኔም ብሶቴን ላውጣ፤ የእኔው ትንሽ ለየት ይላል።

ልጄ ሲወለድ ልቡ ደህና ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ጉሮሮውን አመመው። እኛ ቶንሲል ነው ብለን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ተሻለው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ፣ ሲሻለው ክርኑ ያዘው፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ። በሽታ እንደ እንግዳ ከቤት ቤት ሲዞር አይቼ አላውቅም። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። "ጉሮሮው ነው ልቡን የበላው" አሉኝ። ቤንዛቲን የሚባለውን መርፌ በየ28 ቀኑ እንዲወጋ ታዘዘ።

ኮሮና ሲመጣ ታክሲው ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሆነ። አንድ ወር ዘለልን። በሁለተኛው ሄድኩ፣ "ባለሙያው ለኮሮና ሥራ ወጥቷል" ተባልኩ። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ሐምሌ ላይ ልጁ ተኮሰው፣ እግሩ አበጠ። ተሸክሜው ስደርስ በሩ ላይ ግንባሩን ለኩት። ትኩሳት! ድንኳን ውስጥ አስገቡን። ውጤት እስኪመጣ አራት ቀን። "ልጄ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ መርፌው ነው የቀረበት" እላለሁ፤ ከማስኩ ውስጥ ድምፄ አልወጣ እንደሁ እንጃ፣ የሰማኝ የለም። ውጤቱ ነጻ ሆነ። ልቡ ግን በዚያ ዙር ተጎዳ። አሁን አንዱ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ወደፊት መቀየር ሊኖርበት ይችላል ብለውኛል።

በሩ ላይ የነበሩትን አልረግምም። ልጆች ናቸው፣ እነሱም ፈርተው ነበር።

ሲስተር ነኝ፣ ሐምሌ 15, 2013

እትዬ፣ ያሉት ነገር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ መለጠፍ ነበረበት። በአገራችን በልብ ሕመም ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ልጅ ናቸው። አንድ የጉሮሮ ቁስል በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኦፕሬሽኑም ቫልቩም አያስፈልግም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው "ቶንሲል ነው" ብላችሁ አትለፉት። በጥፍር አታስቧጥጡት፣ እንጥሉንም አታስቆርጡት።

መርፌው ደግሞ ዋና ነው። አንዳንድ ቦታ ባለሙያው ራሱ መውጋት ይፈራል፤ አለርጂ ያስነሣል ብሎ። ያ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። መርፌ የተዘለለበት ልጅ ግን በየዓመቱ እናያለን። ወረርሽኝ ቢመጣ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት "የ28 ቀኑ መርፌ የት ይወጋል?" ብላችሁ ነው። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሊወጋ ይችላል፤ ወረቀቱን ብቻ ያዙ።

የሰላሌ ልጅ፣ ሐምሌ 15, 2013

ጎረቤት ነኝ፣ ይፈቀድልኝ። ኮሮና ራሱ የሕፃናትን ልብ ይነካል ወይስ ወሬ ነው?

ሲስተር ነኝ፣ ሐምሌ 15, 2013

ወሬ አይደለም፣ ግን ብዙ አያጋጥምም። ልጁ ኮሮናው ቀለል ብሎት ካለፈ ከ2 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ከባድ ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ ሽፍታ፣ የሆድ ሕመምና ተቅማጥ ሲመጣበት ልቡም ሊያብጥ ይችላል። እንዲህ ካያችሁ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል። ለኦፕሬሽን የተቀጠረ ሰው በኮሮና ከተያዘ ደግሞ የሚቻል ከሆነ ቢያንስ 7 ሳምንት እንዲቆይ ነው የሚመከረው፤ በ116 አገሮች የተደረገ ጥናት ከዚያ ቀድሞ መሠራት የሞት አደጋውን እንደሚጨምር አሳይቷል። ለመሠራት የማይጠብቅ ልጅ ካለ ሐኪሙ ይመዝነዋል።

መንዜው፣ ሐምሌ 18, 2013

ሁሉንም አነበብኩ። መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ማህል ሜዳ ነን። የእህቴ ልጅ ነው፣ ወንድ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለበት ተብሎ ተራ ከገባ ቆይቷል። የመጨረሻው ቀጠሮው ሚያዝያ 2012 ነበር። አዋጅ ታወጀ፣ መኪና ጠፋ፣ ቀረን። እውነቱን ለመናገር ልጁ ደህና መስሎን ነበር። የሳንባ ምቹ ተወው፣ ክብደት ጨመረ። እህቴ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳው ነበርና ስለቷን ገባች፤ እንደ ዳነ ቆጠርን።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ በጎቹን ከአፋፉ ሲመልስ ወደቀ። ይዘነው ወረድን። ሐኪሟ ኤኮውን ሁለት ጊዜ ደግማ አየችው። ከዚያ እህቴን ወደ ውጭ ላከቻትና ለእኔ ነገረችኝ። ሲስተር ከላይ የጻፈችው ነው። ተገልብጧል። የተሻለው የመሰለን ሳንባው ስለደነደነ ጎርፉ ስለቀነሰ ነው አለችኝ። አሁን መዝጋት አይቻልም። ኪኒን አለው።

በኮሮና ምክንያት ነው ወይስ ከዚያ በፊትም አልፎ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። "በመካከል ኤኮ ስለሌለ ማወቅ አይቻልም" አለችኝ። እኔን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህች ናት።

መምህር፣ ነገ ሂድ። ለመሳፈሪያ ከቸገረህ እዚሁ ጻፍ፣ እናዋጣለን።

ምንጃሬው፣ ሐምሌ 18, 2013

መንዜው ወንድሜ ቃል የለኝም። መምህር፣ ከላይ ክረምቱ ሲወጣ ያልኩትን ተወው። ሂድ።

መምህር ዘጅሩ፣ ሐምሌ 24, 2013

ሄጄ ተመልሻለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ።

አንዲት ሴት አነሣች። ጅማ ናት። ቁጥሩን አዲስ ሲም ብላ የገዛችው ነው። ታሪኩን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር" አለችኝ። "ከልብ ሕክምና ነው፣ የልጅቷ ወላጅ ነዎት ወይ? አሉኝ። ተሳስታችኋል ብዬ ዘጋሁ። በሁለተኛውም እንደዚያው።" መጀመሪያ የደወሉት ጥቅምት ላይ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ "አልደወሉም" እያልኩ ሳማቸው ከርሜያለሁ።

መጨረሻ ላይ "ልጅቷ አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። አለቀሰች መሰለኝ፤ ኔትወርኩም ተቆራረጠ።

አዲስ አበባ ላይ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። ከልጄ ስም አጠገብ በእርሳስ "ስልክ አይሠራም" ይላል። ዝቅ ብዬ ገጹን አየሁት። ያው ቃል በገጹ ላይ ብዙ ቦታ ነበር። አሁን ሦስት ቁጥር አስመዝግቤአለሁ፤ የእኔን፣ የሚስቴን፣ የርእሰ መምህሩን። ለኅዳር 21 የኤኮ ቀጠሮ ሰጡን። ጥፍሯ ንጹሕ ነው፤ ሲስተር ያልሽኝን በየቀኑ አያለሁ።

ማሽን ጠባቂ፣ ሐምሌ 25, 2013

በእርሳስ የተጻፈውን አውቀዋለሁ። አንዳንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኮቪድ ወቅት ኦፕሬሽን ሳይኖር ሲቀር ስልክ እንድንደውል ተመድበን ነበር። ሦስት ጊዜ ሞክረን ካልተነሣ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንላክ ያለ አልነበረም። ቀበሌው እኮ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን በስም ታውቀዋለች።

ሮቢት በረሃ፣ ኅዳር 19, 2014

ይህን ክር ከፍቼ ስጽፍ ደብረ ብርሃን ነኝ። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ በደብረ ሲና ወጥተን፣ የጣርማበርን ዋሻ በእግር አልፈን ነው የመጣነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለናል። በኮሮና ጊዜ ስለ ርቀት ሲያወሩን ነበር፤ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሆንን አልቆጥርም።

የጻፍኩት ለዚህ አይደለም። አጠገባችን ያለች ሴት ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አላት። ትንሽ ሮጦ ቁጢጥ ይላል። ደግሞ ይሮጣል፣ ደግሞ ቁጢጥ። ሲያለቅስ ከንፈሩ እንደ እንጆሪ ይጠቁራል። እናትየው "ጨዋታው ነው" አለችኝ። እኔ ግን ይህን ክር አንብቤአለሁና አላመንኩም። ሲስተር፣ አለሽ?

ሲስተር ነኝ፣ ኅዳር 19, 2014

አለሁ። ጨዋታ አይደለም። ቁጢጥ ሲል ከወገቡ በታች ያለው ደም ሥር ስለሚታጠፍ ደሙ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ይገፋለታል። ልጁ በራሱ የደረሰበት መድኃኒት ነው። አራት ችግር አብሮ የሚገኝበት የልብ በሽታ አለ፣ እሱን ነው የጠረጠርኩት። ከጠቆረና ከተዝለፈለፈ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፋችሁ ያዙትና አምጡት። ካልሆነም ነገ ጠዋት በር ላይ ስልክ ደውልልኝ፤ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

ሮቢት በረሃ፣ ኅዳር 23, 2014

ወስደናቸው ነበር። ያልሽው ነው። ሪፈር ተጽፎለታል። ስልክ ሲጠየቁ እናትየው ስልክ የላትም፤ የእኔን፣ የአንቺን፣ የመጠለያውን አስተባባሪ አስመዘገብን። ከዚህ በኋላ ቁጥሬን አልቀይርም።

መምህር ዘጅሩ፣ የካቲት 30, 2014

የኅዳሩ ቀጠሮ በጦርነቱ ምክንያት አልፎን ነበር። አሁን ታየች። የሳንባዋ ግፊት ጨምሯል። ግን ደሙ አሁንም ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። አልተገለበጠም። ደረቷ ሳይከፈት ቧንቧዋ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ሽቦ ሊዘጋ ይችላል አሉ። ቧንቧዋን የሚደፍነው መሰኪያ ሲገኝ ይደውላሉ።

መንዜው፣ መጋቢት 2, 2014

ተመስገን በል መምህር። የእኛው ኪኒኑን እየወሰደ ነው። ትምህርት ጀምሯል፤ በጎቹን ታናሹ ይጠብቃል።

መምህር ዘጅሩ፣ ጥር 16, 2015

ተዘጋላት። ጥር 10፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ ከተማው በሙሉ ታቦት ሲያጅብ እኛ ሆስፒታል ነበርን። በዚያው ቀን ነው የተሠራላት። አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀ። ብሽሽቷ ላይ ያለው ቁስል ከትንኝ ንክሻ ትንሽ ይበልጣል። ለስድስት ወር ጥርሷ ከመነካቱ በፊት ንገሩን ብለዋል፤ ለኤኮ ተመልሰን እንሄዳለን።

ሌሊት ተኝታ እያለ መዳፌን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ድመቷ የለችም። እናቷን ቀስቅሼ የእሷንም እጅ አኖርኩት። እስኪነጋ እየተፈራረቅን ስንነካት ልጅቷ ተቆጣችን።

ሲነጋ ጅማ ደወልኩ። ሴትዮዋ ቁጥሬን ይዛው ኖሯል፤ ሄሎ ሳልል "እንዴት ሆነች?" አለችኝ። ነገርኳት። እልል ስትል የቤቷ ሰዎች ምን ሆንሽ እያሉ ሲሰበሰቡ ይሰማኛል። ስሟን ጠየቀችኝና ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። "ከእንግዲህ ቢደውሉልኝ፣ ተሳስታችኋል አልልም" አለች። "አውቃታለሁ ነው የምላቸው።"